ሚዛኑ ገጠመ፤ ገንዘቡስ?

በአገራችን ልጅ ሥራ ሲያገኝ ደስታውም ኃላፊነቱም የቤተሰቡ ነው። ሥራው ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያስረክብ ከሆነ ቀጣሪው «ዋስ አምጣ» ይላል። ዋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ የተቀጠረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ያንን ፊርማ ፈርሞ ይረሳዋል። የሚያስታውሰው አንድ ምሽት ስልክ ተደውሎ «አባዬ፣ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ፤ ጉድለት አለብህ እየተባልኩ ነው» ሲባል ነው።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ብዙ ወላጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ልጁን ይጠረጥራል፤ «ከማን ጋር ውለህ ነው? ምን ላይ አጠፋኸው?» ብሎ ይጮኻል። ሌላው ለስሙ ሲል በጎቹን ሸጦ፣ ካልሆነም ተበድሮ፣ ነገሩ ሳይጣራ ይከፍላል። ሁለቱም የችኮላ ናቸው። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያልገጠመው መዝገቡ ነው ወይስ ገንዘቡ? ይህን ለመለየት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል። የዛሬው ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

የገበያው ሚዛንና የመዝገቡ ሚዛን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የሚወጣ ሰው የስናን ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሮብ ገበያን ያገኛል። ስሟ እንደሚናገረው የገበያ ከተማ ናት፤ ደጋው የሚያፈራው ድንች፣ ገብስና በግ የሚሸጥባት። በእንዲህ ያለ ገበያ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሲሠራ ያየ ሰው የሒሳብ ሠራተኞች «ትሪያል ባላንስ» የሚሉትን ነገር ግማሹን ተረድቶታል።

በአንዱ ሳህን ድንቹ፣ በሌላው የብረት መመዘኛው ይቀመጣል። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ሲቆሙ «ልክ ነው» እንላለን። ሚዛኑ የነገረን ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሁለቱ ወገኖች ክብደት እኩል መሆኑን። ድንቹ የበሰበሰ ይሁን አይሁን አልነገረንም። ሳይመዘን የቀረ ጆንያ ስለመኖሩ አልነገረንም። የእርስዎ ድንች ለጎረቤትዎ ተሰጥቶ እንደሆነም አልነገረንም። ትሪያል ባላንስም እንዲሁ ነው። ካልገጠመ፣ አንድ ስህተት እንዳለ በእርግጠኝነት ይናገራል። ከገጠመ ግን ስህተት የለም ማለት አይደለም።

አንድ ብር፣ ሁለት ቦታ

በጥንድ ምዝገባ እያንዳንዱ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ። ዘዴውን የጣሊያን ነጋዴዎች ሲሠሩበት ቆይተው፣ ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴና የሒሳብ መምህር በፈረንጆች 1494 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶ ጽፎታል። በአገራችንም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን በነጠላ ምዝገባ ሲሠሩ ኖረው በ1990ዎቹ ዓመታት በተደረገው የፋይናንስ አስተዳደር ማሻሻያ ወደ ጥንድ ምዝገባ ተሸጋግረዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። በሮብ ገበያ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ እንበል። አንዲት አባል 800 ብር ቆጠበች። የማኅበሩ ካዝና በ800 ብር ጨመረ፤ ይህ በግራ በኩል፣ ማለትም በዴቢት ይጻፋል። ማኅበሩ ለአባሏ ያለበት ዕዳም በ800 ብር ጨመረ፤ ይህ በቀኝ በኩል፣ ማለትም በክሬዲት ይጻፋል። «ዴቢት» ግራ፣ «ክሬዲት» ቀኝ ብለው ቢይዙት ለዛሬ ይበቃዎታል። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከሌጀሩ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቀሪ አውጥታ በሁለት ረድፍ ትደረድረዋለች። የምናባዊው ማኅበራችን የጥቅምት ወር ትሪያል ባላንስ እንዲህ ይሁን፦

በዴቢት፦
በካዝና ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ 12,400 ብር
በባንክ ያለ ገንዘብ፣ 86,000 ብር
ለአባላት የተሰጠ ብድር፣ 150,000 ብር
የቢሮ ዕቃ፣ 18,000 ብር
የጽሕፈት መሣሪያና ልዩ ልዩ ወጪ፣ 3,600 ብር
ድምር፣ 270,000 ብር

በክሬዲት፦
የአባላት ቁጠባ፣ 190,000 ብር
የአባላት የዕጣ ገንዘብ፣ 60,000 ብር
የብድር ወለድ ገቢ፣ 14,500 ብር
የመመዝገቢያ ገቢ፣ 5,500 ብር
ድምር፣ 270,000 ብር

ገጠመ። አሁን ስህተቶቹን አንድ በአንድ እናስገባበት።

ሚዛኑን የሚያዛቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው፣ አንዱን ወገን ጽፎ ሌላውን መርሳት ነው። የአባሏ 800 ብር በካዝና ሒሳብ ተጽፎ በቁጠባ ሒሳብ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር፣ ግራው ከቀኙ በ800 ብር ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ አኃዝ ማገላበጥ ነው። ልዩ ልዩ ወጪው 3,600 መሆኑ ቀርቶ ወደ ትሪያል ባላንሱ ሲገለበጥ 6,300 ተብሎ ቢጻፍ፣ የዴቢቱ ድምር 272,700 ይሆናል፤ ልዩነቱ 2,700 ብር ነው።

ሦስተኛው፣ ዜሮ መጣል ወይም መጨመር ነው። 12,400 በችኮላ 1,240 ተብሎ ቢጻፍ 11,160 ብር ይጎድላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የጠፋው አንድ ዜሮ ነው።

አራተኛው፣ በተሳሳተው ወገን ማስቀመጥ ነው። በክሬዲት መጻፍ የነበረበት የ500 ብር የመመዝገቢያ ገቢ በዴቢት ቢጻፍ፣ ቀኙ 500 ያጣል፣ ግራው ደግሞ 500 ያለአግባብ ያገኛል። ስለዚህ ልዩነቱ የስህተቱ እጥፍ፣ 1,000 ብር ይሆናል።

አምስተኛው የመደመር ስህተት ነው፤ ስድስተኛው አንድን ሒሳብ ከሌጀሩ ወደ ትሪያል ባላንሱ ሳያዛውሩ መዝለል ነው።

እነዚህ ሁሉ አንድ መልካም ጎን አላቸው፤ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ልጅዎ «ሒሳቡ አልገጥም አለኝ» ሲልዎ የሚናገረው ስለ እነዚህ ከሆነ፣ ገንዘብ ጠፋ ማለት ገና አይደለም። መዝገቡ ውስጥ የሆነ ቦታ ብዕር ተሳስቷል ማለት ነው።

ልዩነቱ ራሱ ይናገራል

ልምድ ያላቸው የሒሳብ ሠራተኞች ትሪያል ባላንስ እምቢ ሲላቸው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አያገላብጡም። መጀመሪያ ልዩነቱን ያወጣሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን ያነጋግሩታል።

አንደኛ፣ ድምሩን ከታች ወደ ላይ እንደገና ይደምራሉ። ልዩነቱ 10፣ 100 ወይም 1,000 ከሆነ የመደመር ስህተት መሆኑ ይጠረጠራል።

ሁለተኛ፣ ልክ ያንን ያህል መጠን ያለው ክፍያ ወይም ገቢ ይፈልጋሉ። ልዩነቱ 800 ከሆነ የ800 ብር ደረሰኝ ይፈለጋል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ልዩነቱን ለ2 ያካፍላሉ። 1,000 ከሆነ የ500 ብር ምዝገባ ይፈለጋል፤ በተሳሳተው ወገን የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ልዩነቱን ለ9 ያካፍላሉ። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አኃዝ ተገላብጧል ወይም ዜሮ ተጥሏል የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ከላይ ያየነው 2,700 ለ9 ሲካፈል 300 ይሆናል። 11,160 ለ9 ሲካፈል 1,240 ይሆናል፤ እዚህ ላይ መልሱ በስህተት የተጻፈውን ቁጥር ራሱን ያወጣልናል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለ9 የሚካፈል ልዩነት በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። ማስረጃው ደረሰኙ ነው።

ስህተቱ በጊዜ ካልተገኘ ልዩነቱ «ሰስፔንስ» በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ሒሳብ ይቀመጥና ፍለጋው ይቀጥላል። ማቆያ እንግዳ ማረፊያ ነው፤ እንግዳው ዓመት ከተቀመጠ ግን የቤቱ ባለቤት ምን እየሠራ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሚዛኑ እኩል ሆኖ የሚደበቁት

ቤተሰብን ይበልጥ የሚጎዱት ሁለተኛዎቹ ናቸው። ትሪያል ባላንሱ ይገጥማል፣ ሁሉም «ሒሳቡ ጥሩ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ስህተቱ ግን ውስጥ ተኝቷል።

ሙሉ በሙሉ መዝለል። አንድ አባል 2,000 ብር ብድር መለሰ፤ ገንዘቡ ካዝና ገባ፤ በግራም በቀኝም ሳይጻፍ ቀረ። ሚዛኑ አይናወጥም። አባሉ ግን ከፍሎም ባለዕዳ ሆኖ ይታያል።

በተሳሳተ ሰው ስም መጻፍ። በእኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለ፣ በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸው ስምም የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። የአንዷ ቁጠባ በሌላዋ ደብተር ቢገባ የቁጠባው ድምር አይለወጥም፤ ስለዚህ ትሪያል ባላንሱ ዝም ይላል። ዝምታው የሚሰበረው አንደኛዋ ለልጇ ትምህርት ቤት ገንዘብ ልታወጣ ስትመጣና «የለሽም» ስትባል ነው። የአያት ስምና የአባልነት ቁጥር ያልተጻፈበት መዝገብ ሰውን ከሰው የሚያጣላ መዝገብ ነው።

በዓይነቱ መሳሳት። ለዓመታት የሚያገለግል የ8,000 ብር ቁም ሣጥን ተገዝቶ እንደ ተራ ወጪ ቢጻፍ ሁለቱም በዴቢት ስለሆኑ ሚዛኑ ይገጥማል። ነገር ግን የዓመቱ ወጪ ያለአግባብ ይጨምራል፤ ማኅበሩ ያተረፈው እንዳላተረፈ ይመስላል፣ የአባላት ትርፍ ክፍፍልም ይነካል።

መገለባበጥ። ለጽሕፈት መሣሪያ 1,000 ብር ከካዝና ወጥቶ፣ ዴቢቱና ክሬዲቱ ቦታ ተለዋውጠው እንደ ገቢ ቢጻፍ፣ መዝገቡ ከእውነተኛው ካዝና በ2,000 ብር ይበልጣል። ሚዛኑ ግን እኩል ነው።

መቻቻል። በአንድ ወገን 300 ብር በስህተት በዝቶ፣ በሌላው ወገንም በሌላ ስህተት 300 ብር ቢበዛ፣ ሁለቱ ይሸፋፈናሉ።

ከመነሻው የተሳሳተ ቁጥር። ይህኛው ብዙ ልጆችን ያስለቀሰ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አንድ አባል 4,500 ብር ቆጠበ። ገንዘብ ያዡ በትክክል ቆጥሮ ተቀበለ፤ ደረሰኙንም 4,500 ብሎ ቆረጠ። መዝገብ የሚይዘው ሰው ግን ቁጥሩን አገላብጦ 5,400 ብሎ አነበበ፤ በካዝናም በቁጠባም 5,400 ብሎ ጻፈ። ግራና ቀኝ እኩል ነው፤ ትሪያል ባላንሱ ይገጥማል። የወሩ መጨረሻ ደርሶ ካዝናው ሲቆጠር ግን መዝገቡ ከሚለው 900 ብር ይጎድላል። ኮሚቴው ምን ይላል? «መዝገቡ ተመዝኖ ገጥሟል፤ እንግዲህ የጎደለው ከገንዘብ ያዡ እጅ ነው።» ገንዘብ ያዡ አንድም ብር አልነካም። ያዳነው ነገር ካለ፣ በአባሉ ቤት የተቀመጠው የቁጠባ ደብተርና የደረሰኙ ቅጂ ነው። የገጠመ ትሪያል ባላንስ በንጹሕ ሰው ላይ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የቀን መቁጠሪያችንም የራሱ ወጥመድ አለው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የባንክ መግለጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ቀን ይወጣል። ጁላይ 3 የሚለውን አይቶ «ሐምሌ ነው» ብሎ በአዲሱ ዓመት የሚመዘግብ ሰው ተሳስቷል፤ ቀኑ ሰኔ 26 ነው። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓመት ስለተጻፈ ሚዛኑ ይገጥማል፤ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ግን ከባንኩ ጋር አይገናኝም።

ኮምፒውተር መጣ፤ ስህተት ሄደ?

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ፒችትሪ ባሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ይሠራል። እነዚህ ፕሮግራሞች ግራና ቀኙ ያልተመጣጠነ ምዝገባ ሲገባላቸው አይቀበሉም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ፣ ራሳቸውን የሚያጋልጡት ስህተቶች እጅግ ቀንሰዋል። የቀሩት ዝምተኞቹ ናቸው። ኮምፒውተር 5,400 ብለው ከጻፉለት 5,400 ብሎ ያምናል።

ማሽኑ ራሱ ሲሳሳት ደግሞ የሚሆነውን አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ተቋማቱ ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አደረጉ። ያን ሰሞን ስንት ወላጅ ለልጁ ደውሎ «አንተስ ነካህ?» ብሎ እንደጠየቀ አንባቢ ያስታውሳል። በማሽን ስህተት የመጣ ገንዘብም የባለቤቱ ነው፤ ስህተቱ የሌላ ቢሆን እንኳ ዕዳው የወሰደው ሰው ነው።

ከዚህ የከፋው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታሪክ ነው። ፖስታ ቤቱ ከ1999 ጀምሮ (በፈረንጆች) ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ ያቀረበውን «ሆራይዘን» የተሰኘ የሒሳብ ሥርዓት ይጠቀም ነበር። ሥርዓቱ በየቅርንጫፉ የሌለ ጉድለት ያሳይ ጀመር። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በየመንደሩ የታወቁና የታመኑ ነበሩ። «ጉድለቱን ክፈሉ» ተባሉ። ቤታቸውን አስይዘው የከፈሉ አሉ። እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተከሰው ተፈረደባቸው፤ የታሰሩም አሉ። ብዙዎቹ «ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» ይባሉ ነበር። አለን ቤትስ የሚባለው የቀድሞ ቅርንጫፍ ኃላፊና ጓደኞቹ ለዓመታት ተሟግተው በ2019 ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስህተት እንደነበረበት አረጋገጠላቸው፤ በ2024 የአገሪቱ ፓርላማ የብዙዎቹን የጥፋተኝነት ፍርድ በሕግ ሻረ። ለአንዳንዶቹ ግን ዘግይቶ ነበር፤ ሳያዩት አርፈዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን «መዝገቡ እንዲህ ይላል» የሚለው ቃል ከሰው ቃል በላይ ተደርጎ ነበር።

ልጅዎ «ጉድለት አለብህ» ከተባለ

መጀመሪያ ተረጋጉ። ልጁን ማመንና መዝገቡን መመርመር አይጋጩም፤ እንዲያውም መዝገቡ እንዲመረመር ደፍሮ የሚጠይቅ ልጅ ለራሱ የሚቆም ልጅ ነው። ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁ።

ካዝናው ተቆጥሯል ወይ? ቆጠራው ልጁ ባለበት ተደርጎ፣ የብሩ ዓይነትና ብዛት ተጽፎ፣ የተገኙት ሁሉ መፈረም አለባቸው። በሌለበት የተቆጠረ ካዝና ጥያቄ ያስነሳል።

ጉድለቱ በካዝና ነው ወይስ በወረቀት? ትሪያል ባላንሱ ካልገጠመ ስህተቱ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ መዝገቡ ይስተካከል። ትሪያል ባላንሱ ገጥሞ ካዝናው ከጎደለ ደግሞ ከላይ ያየናቸው ዝምተኛ ስህተቶች አንድ በአንድ ይፈተሹ።

ደረሰኞቹ በተከታታይ ቁጥር አሉ ወይ? ፍለጋው ከደረሰኝ ወደ ዕለት መዝገብ፣ ከዚያ ወደ ሌጀር፣ ከዚያ ወደ ትሪያል ባላንስ ይሄዳል። የአባላቱ የቁጠባ ደብተሮችም ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ይመሳከሩ።

ከባንክ መግለጫው ጋር ታርቋል ወይ? መዝገቡ የሚለውና ባንኩ የሚለው ለምን እንደተለያዩ በየወሩ በጽሑፍ መብራራት አለበት፤ ቀኖቹም በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ።

ምክንያቱ ሳይታወቅ የማመኛ ወረቀት አይፈረም። «ፈርም፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚባለው ቃል በኋላ አይገኝም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ፊርማም ይወረሳል።

ከደመወዝ መቁረጥም ወሰን አለው። ልጅዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከተው ሠራተኛ ከሆነ፣ ከወር ደመወዙ ከሲሶው በላይ ሊቆረጥበት አይገባም።

ስለ ዋስትናውም ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን እንዲገለጽ ይጠይቃል። አዲስ ዋስ የምትሆኑም የገንዘቡ ልክ ሳይጻፍ ባዶ ቦታ ላይ አትፈርሙ፤ ቅጂም ያዙ።

ሁሉ ተጣርቶ ልጁ በእውነት ገንዘቡን ነክቶ ከተገኘስ? ያኔ ሐቁን ይዞ መክፈልና መታረም ነው። የተጣራ ጥፋት ይመከራል፣ ይቀጣል፣ ያልፋል። ያልተጣራ ጥርጣሬ ግን በቤት ውስጥ ለዘመናት ይኖራል።

በዕድርና በማኅበር ኮሚቴ ላሉ አያቶች

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዕድር፣ በዕቁብ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ዳኛ፣ ሰብሳቢ ወይም ተቆጣጣሪ ሆነው ያገለግላሉ። እናንተ ወንበር ላይ ያላችሁት ጸሐፊውን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ለመጠበቅም ነው። ጥቂት ልማዶች ብዙ ጠብ ያድናሉ።

ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ ሰው አይሁን። በገጠር ማኅበር አንባቢ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሁለቱን ለአንድ ወጣት መስጠት ይቀላል፤ ወጣቱን ግን ለሐሜት ያጋልጠዋል። ስሕተት በነጭ ቀለም አይጥፋ፤ በአንድ መሥመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከላይ ተጽፎ፣ ይፈረምበት። ስም ሲመዘገብ እስከ አያት ይመዝገብ። ካዝና በየወሩ፣ አንዳንዴም ሳይነገር ይቆጠር።

ትርፍ ሲገኝም እንደ ጉድለት ቁጠሩት። ካዝናው መዝገቡ ከሚለው 2,000 ብር ቢበልጥ «እግዜር ሰጠን» ብሎ ማለፍ የለም፤ ዕዳውን ከፍሎ ስሙ ያልተሰረዘለት ሰው አለ ማለት ሊሆን ይችላልና። ዓመቱ ሲዘጋም ለአባላት ስትናገሩ «ሒሳቡ ገጥሟል» ብቻ አትበሉ። «ሒሳቡ ገጥሟል፤ ካዝናው ተቆጥሯል፤ ከባንክ ጋር ታርቋል፤ የአባላት ደብተር ተመሳክሯል» ስትሉ ነው አራቱም ማዕዘን የቆመው።

ከልጅ ልጆች ጋር የምትሞክሩት

በመጨረሻ፣ ቡና ሲፈላ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር የምትሞክሩት ጨዋታ እንካችሁ። ልጁ ሁለት የተለያዩ አኃዞች ያሉት ቁጥር ይጻፍ፤ ለምሳሌ 73። ይገልብጠው፤ 37 ይሆናል። ትንሹን ከትልቁ ይቀንስ፤ 36። ለ9 ያካፍል፤ 4፣ ያለ ቀሪ። 82ንም ይሞክር፦ 82 ሲቀነስ 28፣ 54፤ ለ9 ሲካፈል 6። የፈለገውን ቁጥር ቢወስድ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ አኃዝ ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት ሲዛወር ዋጋው ከ1 ወደ 10 ያድጋል፣ ጭማሪው 9 ነው። መልሱ የሁለቱ አኃዞች ልዩነት መሆኑንም ልጁ ራሱ ይድረስበት፤ ከ7 ላይ 3 ሲነሳ 4፣ ከ8 ላይ 2 ሲነሳ 6።

ልጁ ይህን ሲያውቅ «አስማት ነው» ይላል። አስማት አለመሆኑን አስረዱት። ከዚያም አድጎ ገንዘብ ያዥ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የሚሆንበት ቀን ቢመጣ፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰሩ በፊት ልዩነቱን ለ2ና ለ9 አካፍሎ ደረሰኙን እንዲፈልግ ከአሁኑ ንገሩት።